ግራና ቀኝ በከድር ራስ ላይ

[ያን ዘመን የሶዶ ሱቅ ሁሉ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር፤ የከድር ሱቅ ደግሞ ላምባና የልብስ ሳሙና። ከድር ቆቡን አውልቆ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ወዳጁ መምህር ኤርካሎ፣ ለመመረቂያ ጥናቱ የሠራውን የፀጉር መድኃኒት በዚህ መላጣ ላይ ሲሞክር ከርሞ፣ አሁን በማስመሪያ ይለካዋል።]

ኤርካሎ፦ ያው ነው። ባለፈው ወርም ግራና ቀኙ እኩል፣ ዛሬም እኩል። መድኃኒቱ አልሠራም።

ከድር፦ ፀጉሩ ግን በቅሏል።

ኤርካሎ፦ ስለ ፀጉር ማን አወራ? እኔ የምፈልገው የግራና የቀኙን ልዩነት ነው።

ከድር፦ እኔ ደግሞ ፀጉር። ከቤሌ የመጣ ደንበኛዬ፣ "የከድር ታናሽ ወንድም ነህ ወይ?" አለኝ እኮ።

ኤርካሎ፦ አይገባህም። የመድኃኒቱ ቅንጣቶች ከአቧራ እጅግ ያነሱ ናቸው። ውሃ ውስጥ ከከረሙ ተጣብቀው ይበላሻሉ። ስለዚህ ስኳር አልብሼ፣ በረዶ አድርጌ አደረቅኋቸው። ዱቄቱ ያለ ፍሪጅ ይከርማል፤ ሲፈለግ በውሃ መበጥበጥ ነው።

ከድር፦ ሕዝቡ ለአንድ ኪሎ ስኳር ቀበሌ ይሰለፋል፤ አንተ ለዓይን ለማይታይ ነገር ታለብሳለህ?

ኤርካሎ፦ ተወው በቃ። ሠርጌ ደርሷል፣ ጥናቴ ገደል ገብቷል። ሰኞ ለአማካሪዬ "ከሽፏል" ልል ነው።

ከድር፦ እኔ እንደሁ ያልከኝን ሳላጓድል ነው የቀባሁት።

ኤርካሎ፦ ቀኙን በመድኃኒቱ፣ ግራውን በባዶ ውሃ?

ከድር፦ አዎ። ለግራው ምራቂ ጣል ማድረጌ ብቻ ነው።

ኤርካሎ፦ [ማስመሪያውን አስቀምጦ] የምን ምራቂ?

ከድር፦ ከመድኃኒቱ ነዋ። ስነግድ ኖሬ ያለ ምራቂ ማንን ሸኝቼ አውቃለሁ? ደግሞ በየስብሰባው "ፍትሃዊ ክፍፍል" እያሉ ያስጨበጭቡናል፤ አንዱን ወገን አጠጥቼ ሌላውን ላስጠማ?

ኤርካሎ፦ ምን ያህል ነው ምራቂው?

ከድር፦ እጄ አይጨክንም፤ ያው የቀኙን ያህል።

ኤርካሎ፦ አንተ ሰው... እንግዲያስ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው።

ከድር፦ ከጠዋት ጀምሮ ምን እያልኩ ነው? የተረፈውን ዱቄት አምጣና ግንባሬ በኩል ያለውን እንጨርስ።

ኤርካሎ፦ ዱቄቱማ የለም። ባለፈው ወር ዋጋ የለውም ብዬ ለእጮኛዬ ለአስካለች ሰጠኋት።

ከድር፦ እሷ ምን ሊያደርግላት? ፀጉሯ ወገቧ ላይ ወርዶ።

ኤርካሎ፦ ለፀጉር አይሆንም፣ ቆዳ ግን ያለሰልሳል አልኳት። ለሠርጉ ብላ ማታ ማታ ፊቷን ትቀባዋለች።

ከድር፦ [መደርደሪያውን ቀና ብሎ አይቶ] ለካ እንደዚያ ነው። ትናንት እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍና መጥታ ምላጭ ገዛች። እኔ ለአንተ መስሎኝ።

[ኤርካሎ ደህና ዋል እንኳ ሳይል ወጣ።]