በባትሪ የሚሠራ ብሎን መፍቻ ለመምረጥ የተደረገ አምስተኛ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ። የግድግዳው ካሌንደርና የሰብሳቢው ስልክ በወሩ ቀን ላይ ስላልተስማሙ ቀኑ ወደፊት ይሞላል።

ሰዓት፦ ለጠዋቱ 4፡00 ተጠርቶ 4፡35 ተጀመረ።

ቦታ፦ የማኅበሩ ጋራዥ፣ ከቀለም ክፍሉ አጠገብ ያለው ቢሮ።

የተገኙ አባላት፦
1. ሰብሳቢው፣ በሙያቸው መኪና ቀለም ቀቢ
2. ጋሽ ሚዛን፣ ዋና መካኒክ (ብሎን ምን ያህል እንደጠበቀ ያለ መለኪያ በእጃቸው ስለሚያውቁ ሠላሳ ዓመት በዚህ ተጠርተዋል፤ የመዝገብ ስማቸውን የሚያስታውስ አባል አልተገኘም)
3. ኤሌክትሪሺያኑ፣ የጋሽ ሚዛን አማች
4. የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ
5. ጎሚስታው፣ በአካል በር ላይ ጎማ እየጠገኑ፣ በድምፅ ቢሮ ውስጥ

ጸሐፊ፦ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ። ድምፅ የለኝም።

ሰብሳቢው «ጎሚስታ፣ አለህ?» ብለው «የት እሄዳለሁ!» የሚል መልስ ከውጭ ስለተሰማ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል።

አጀንዳ 1፦ ከሁለቱ ናሙናዎች አንዱን ስለመምረጥ

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ መሣሪያው እንደ ማንኛውም የእጅ መፍቻ አንገት ያለው፣ ቁልፉ ሲጫን ግን በባትሪ ራሱ የሚሽከረከር መሆኑን አስረድተዋል። ከሱቅ ለሙከራ የተዋስናቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቀይና ወፍራም፣ ሌላው ግራጫና አንገተ ቀጭን። ዛሬ ከሰዓት ይመለሳሉ፤ የሚቀረው የተመረጠው ብቻ ነው። ባለፉት አራት ስብሰባዎች ከስምምነት ያልተደረሰው በአጀንዳው ቃላት ላይ ስለነበር ዛሬ በቀጥታ ወደ ዕቃው እንዲገባ ጠይቀዋል።

ጋሽ ሚዛን ማናቸውም እንዳይገዛ ሐሳብ አቅርበዋል። ምክንያታቸውን ሲያብራሩ «ብሎን የሚፈታው በጆሮ ነው። ሊቆረጥ ሲል ይነግርሃል። እንዲህ እየጮኸ ማን ይሰማዋል?» ብለዋል።

ኤሌክትሪሺያኑ የጋሽ ሚዛን ጆሮ እንደማይካድ፣ ነገር ግን ጠባብ ቦታ ውስጥ አንድን ብሎን አርባ ጊዜ በእጅ ማዞር ሰው እንደሚጎዳ አሳስበዋል።

ጋሽ ሚዛን፦ «አርባ ጊዜ ማዞር ያቃተው ካለ ስሙን ጥራው።»

ኤሌክትሪሺያኑ ጠረጴዛውን እያዩ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን የምትቆልፍልዎት ልጅዎ ናት» ብለዋል።

የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከግምጃ ቤት ያለ ፊርማ የወጣ የብሎን ቁልፍ ካለ ስንት ቁጥር እንደሆነ አሁኑኑ እንዲነገራቸው ጠይቀዋል። አሥራ ሦስት ቁጥሩን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እየፈለጉት መሆኑንም አስታውሰዋል።

ኤሌክትሪሺያኑ «ቁጥር የለውም፤ የሸሚዝ ነው» ሲሉ መልሰዋል።

ጋሽ ሚዛን ሁለት እጆቻቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ቀጥሎም የተባለው ሁሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠየቁ። ተሰርዟል።

ሰብሳቢው ነገሩን ለማብረድ ወዲያው ድምፅ አሰጥተዋል። እሳቸው ለቀዩ ሰጥተዋል፤ ቀለሙ የፋብሪካ ስለሆነ አይላጥም። የግምጃ ቤት ኃላፊዋም ለቀዩ ሰጥተዋል፤ ወፍራም ዕቃ ኪስ ውስጥ አይገባም። ጎሚስታው «ጉልበት ያለው የትኛው ነው?» ብለው ከጠየቁ በኋላ ለቀዩ ሰጥተዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ለቀጭኑ ሰጥተዋል። ጋሽ ሚዛን ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል፤ አንገታቸውን በመነቅነቅ።

ውሳኔ 1፦ ቀዩ በሦስት ድምፅ ተመርጧል። ከተመረጠ በኋላ ይሠራ እንደሆነ እንዲሞከር ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ሙከራ

ሙከራው ሊፍቱ ላይ በተሰቀለችው የትምህርት ቤት ሰርቪስ ቫን ላይ ተደርጓል። የቫኗ ሹፌር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጎማ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሴት ሲሆኑ፣ መኪናቸው ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ ስለሞተባት በሰው ግፊት የመጣች ናት። ልጆቹ በዘጠኝ ተኩል እንደሚለቀቁ ለእያንዳንዱ አባል በየተራ ነግረዋል።

ሞተሪኖው በሁለት ብሎን ታስሯል። የቀዩ መፍቻ ጭንቅላት በሞተሩና በብረት ግድግዳው መካከል አልገባም። ሰብሳቢው ሞተሩ ትንሽ ፈቀቅ እንዲል ሐሳብ አቅርበዋል። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ውሳኔ ውሳኔ ስለሆነ ሰፋ ያለ ሌላ መኪና እንዲፈለግ ጠይቀዋል። ሹፌሯ አባል ባይሆኑም «እኔስ?» ብለዋል።

ቀጭኑ ገባ። ነገር ግን የመጀመሪያው ብሎን በዝገት ስለተያዘ መሣሪያው ጥቂት አጉረምርሞ ቆመ። ጎሚስታው ከበር ሆነው «አላልኳችሁም!» ብለዋል። ቀደም ሲል ምን ብለው እንደነበር ከመዝገብ ተፈልጎ አልተገኘም።

በዚህ ጊዜ ጋሽ ሚዛን ረጅሙን የእጅ መፍቻ ይዘው ቫኗ ሥር ገቡ። አንድ ጊዜ ሞከሩ። ሁለተኛ ሲሞክሩ መፍቻው ከእጃቸው ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። አላነሡትም፤ ጣቶቻቸውን እየዘረጉና እያጠፉ ቆሙ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሰብሳቢውን ሳያስፈቅዱ ገብተው መፍቻውን አነሡ። ጸሐፊዋ በሥራ ግዴታ ጎንበስ ብላ እንደሰማችው ጋሽ ሚዛን፦

«እጅህን እጄ ላይ አድርግ።»

«እሺ ጋሼ።»

«አትቸኩል። እኔ ስል ብቻ... ቆይ... አሁን!»

ብሎኑ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ላላ። ኤሌክትሪሺያኑ ቀጭኑን መሣሪያ ለጋሽ ሚዛን አቀበሉ። ጋሽ ሚዛን ጥቂት አዩት፤ ከዚያ ብሎኑ ላይ አድርገው ቁልፉን ተጫኑ። አርባው ዙር አንድ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እስኪጨርስ አለቀ። ሁለተኛውን ብሎን ሲፈቱ ማንንም አልጠሩም። ሞተሪኖው ወርዶ ለኤሌክትሪሺያኑ ከተሰጠ በኋላም መሣሪያውን አየር ላይ ሁለት ጊዜ ሲያሽከረክሩ ታይተዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ድምፁን እየሰማሁ ነው» ብለዋል።

ውሳኔ 2፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ውሳኔ 1 ሳይነካ ቀጭኑ ተመርጧል።

አጀንዳ 3፦ የመሣሪያው አጠባበቅ

የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ዕቃ የሚጠፋው አንድ ሰው ሙሉውን ስለሚይዘው መሆኑን ከሃያ ዓመት ልምዳቸው አስረድተው፣ ማንም ብቻውን ሊጠቀምበትም ሊሰርቀውም የማይችልበትን መንገድ አቅርበዋል። ሰብሳቢው ሐሳቡን «ሳይንሳዊ» ብለውታል።

ውሳኔ 3፦ መሣሪያው በግምጃ ቤት፣ ባትሪው በሰብሳቢው መሳቢያ፣ ቻርጀሩ በኤሌክትሪሺያኑ ሳጥን ተቆልፈው ይቀመጣሉ።

ውሳኔ 4፦ መሣሪያውን የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ ሞልቶ ሦስቱንም ያስፈርማል። የአንድ ጊዜ አጠቃቀም ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ውሳኔ 5፦ ይህ ሁሉ ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ይጸናል።

ጋሽ ሚዛን ወደ ሰብሳቢው ዞረው «ሥጋውን ለእሷ፣ ነፍሱን ለአንተ ሰጣችሁት። ትንሣኤው መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ አንሥተዋል። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ፣ ስብሰባው ለምሳ 6፡40 ላይ ተቋርጧል።

ከምሳ በኋላ

ኤሌክትሪሺያኑ ሞተሪኖውን ጠግነው 8፡30 ላይ አስረክበዋል። ጋሽ ሚዛን ቀጭኑን መሣሪያ ከግምጃ ቤት ጠየቁ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ማመልከቻ ጠየቁ። ማመልከቻ ገና ስላልተዘጋጀ ጸሐፊዋ በእጅ ጻፈች። ኃላፊዋ ፈረሙ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ፈረሙ። ሰብሳቢው የሉም። ቀለም ሊያስመዝኑ ወጥተዋል፤ የመሳቢያው መክፈቻ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ስልካቸው ተደውሎ ከመሳቢያው ውስጥ ጠርቷል።

ሹፌሯ «ልጆቹ ዘጠኝ ተኩል ላይ በር ላይ ይቆማሉ። መንገዱ ብቻ ሃያ ደቂቃ ነው። ምን ልበላቸው? ፊርማ ላይ ናቸው ልበላቸው?» ብለዋል።

ጋሽ ሚዛን «ተዉት» ብለው በእጃቸው ለማሰር ገቡ። ኤሌክትሪሺያኑ ሞተሪኖውን በሁለት እጃቸው ከታች ደግፈው ያዙ። ብሎኑ ከጋሽ ሚዛን ጣት ወደቀ። አንሥተው ሞከሩ። ጥቂት ዙር ይዞ ቆመ። እጃቸውን አወጡ፤ ተመለከቱት፤ ለማንም ሳይሆን ለቫኗ በሚመስል ድምፅ «አልቻልኩም» አሉ።

ይህ ቃል ከጋሽ ሚዛን አፍ ወጥቶ በዚህ ማኅበር ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። እንዲሰረዝ አልጠየቁም።

የግምጃ ቤት ኃላፊዋ በዚያ ቆመው ነበር። ወደ ቢሮው ሄዱ። ከቢሮው የእንጨት መሰበር ድምፅ ተሰማ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ትልቁን ካቻቪቴ፣ በሌላው ባትሪውን ይዘው ነበር። «ሃያ ዓመት ቆልፌአለሁ፤ ዛሬ አንድ ቀን ብከፍት ማን ምን ይለኛል?» ብለው ባትሪውን በገዛ እጃቸው መሣሪያው ላይ ገጠሙ።

ሁለቱ ብሎኖች ታሰሩ። የመጨረሻውን ማጥበቂያ ጋሽ ሚዛን ለመሣሪያው አልተዉም፤ በረጅሙ መፍቻ፣ የአማቻቸው እጅ በእጃቸው ላይ ሆኖ፣ «በቃ፣ እዚህ ጋ ነው» ብለው ጨርሰዋል። ቫኗ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣች። 9፡08 ላይ ከግቢው ስትወጣ ጎሚስታው በሩን ከፍተው «ቀጥ ብለሽ!» ብለዋል።

አስቸኳይ ስብሰባ፣ 9፡15

ሰብሳቢው ተመልሰው የተሰበረውን መሳቢያ ካዩ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ የተሠራው ሁሉ ሕገ ወጥ መሆኑን፣ ሕጋዊ የሚሆነው ሕጉ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ከተቆጠረ ብቻ መሆኑን አብራርተዋል። አባላቱ ውሳኔዎቹ እንዲሻሩ በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል። የተሻሩትን ውሳኔዎች አፈጻጸም የሚከታተል ኮሚቴ እንዲቋቋም ያቀረቡት ሐሳብ ግን ደጋፊ አላገኘም።

ጋሽ ሚዛን በውይይቱ መካከል ወደ አማቻቸው ጠጋ ብለው «ለልጄ ንገራት፤ ሐኪሙ ጋ ሐሙስ ትውሰደኝ። ብቻ እንዳታለቅስ» ብለዋል። ኤሌክትሪሺያኑ «እሺ ጋሼ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ በቃለ ጉባኤው አልተያዘም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከውሳኔ 1 እስከ 5 ያሉት በሙሉ፣ ምርጫው ጭምር፣ ከተወሰኑበት ደቂቃ ጀምሮ ተሽረዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ማንኛውንም መሣሪያ አልመረጠም።

10፡00 ላይ የሱቁ ሠራተኛ ናሙናዎቹን ሊወስድ መጥቷል። ቀዩ ከነባትሪው ተመልሷል። ቀጭኑን ይዘው ሌላ መኪና ሥር የገቡት ጋሽ ሚዛን እንዲመልሱ በሰብሳቢው ሦስት ጊዜ ተጠይቀው፣ ሦስተኛው ላይ መሣሪያውን አቁመው «በየትኛው ውሳኔ?» ብለዋል።

ሰብሳቢው መዝገቡን አገላብጠው የሚጠቅሱት ስላጡ ስብሰባው 10፡06 ላይ ተበትኗል።