ያልተወጋ አይገባም

በየሰፈሩ አንድ ፍርሃት የሚባል ያልፈጠረበት ሰው አይጠፋም። ሌላው በሹክሹክታ የሚያወራውን በሽታ እሱ መንገድ ላይ ቆሞ ይለፍፈዋል። በዚህኛው ሰፈር ማዕረጉ የተሰጠው ለጸጉር ሠሪዋ ነው። ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ ትንሹም ትልቁም «ክብርት ሚኒስትር» ይላታል። ሙሉ ማዕረጓ የስኳር ሚኒስትር ነው።

ክብርትነቷ ሥራዋን የምትጀምረው ደንበኛዋን በቢጎዲን ጠቅልላ የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ከከተተች በኋላ ነው። ካስክ ውስጥ የገባ ሰው ወዴት ያመልጣል? «ውሃ ይጠማሻል? ሌሊት ሽንት ይቀሰቅስሻል? ተመርምረሻል?» አንዷ ሙሽራ ለሠርጓ ልትዋብ መጥታ ስለ ኩላሊት ተምራ ሄዳለች። መርፌ የሚፈራ ሰው ካገኘችማ አለቀለት። «ምን ያስፈራል? ጉንዳን ናት፣ ጉንዳን!»

ሰው የተወለደበትን ቀን ያከብራል፤ እሷ የምታከብረው ስኳር እንዳለባት የተነገራትን ቀን ነው። በየዓመቱ ያን ቀን ጸጉር ቤቱን ለደንበኛ ትዘጋለች፣ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ታስጠጋለች፣ ምግብ ትደረድራለች፣ ከዚያ የስኳር መለኪያዋን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ሕጉ አንድ ነው። «ያልተወጋ አይገባም!» ለእያንዳንዱ እንግዳ አዲስ መርፌ፣ አንድ ጠብታ ደም፣ ከዚያ ሰሃን። ስጦታ መስጠት ያማረው ሰው ለመለኪያዋ የሚሆን ወረቀት ይዞ ይምጣ እንጂ አበባ አትቀበልም።

ይህን ድግስ አንድም ጊዜ ያልረገጠው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። በያጅ ነው፤ ሱቁ ከጸጉር ቤቱ አጠገብ ነው። ቀኑን ሙሉ የእሳት ፍንጣሪ ሲዘንብበት ይውላል፣ ቅንድቡ እንኳ አይነቃነቅም። የድግሱ ቀን ሲደርስ ግን አስቸኳይ ሥራ ከሰማይ ዱብ ይልለታል።

ዘንድሮ የሚሸሽበት ምክንያት ነበረው። ሱሪው እየሰፋበት ቀበቶውን በምስማር በሳ፤ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ በሳ። ውሃ በጆግ ይጠጣል፣ ጥሙ አይቆርጥለትም። ምን እንደሆነ ያውቃል። አባቱንም እንዲሁ ነበር የጀመራቸው፤ መጀመሪያ እግራቸውን ወሰደ፣ ኋላ እሳቸውን። ታዲያ በያጁ ያገኘው መላ አንድ ነው፤ ካልተነገረኝ የለብኝም።

የድግሱ ቀን ሚኒስትሯ ከደጅ ተጣራች። «የበሩ ማጠፊያ ወለቀብኝ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው፣ በሞቴ ድረስልኝ!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? መበየጃውን ተሸክሞ መጣ፣ በየደ፣ ቀና ሲል እሱ ውስጥ ነው፣ እንግዶቹ ደጅ ተሰልፈዋል። ሚኒስትሯ መለኪያዋን አወጣች። «በል ጣትህን። ሕጉ ዘመድ አያውቅም።»

«እጄ ቆሽሿል እትዬ፣ ልታጠብ» ብሎ ወደ ጓዳ እብስ አለ።

በጓሮ ለመውጣት ነበር ሐሳቡ፤ የጓሮው በር ተቆልፏል። ከቧንቧው ውሃ ጠጣ፣ ደገመ፣ ከዚያ እንዲደርቁ ከተሰቀሉት ፎጣዎች ኋላ ተሸጎጠ። ድግሱ ሞቅ ሲል ሚኒስትሯ ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋች። ፊቷ ላይ ያ ሁሉ ሳቅ የለም። ከመብላቷ በፊት የምትወጋውን መድኃኒት አዘጋጀች፣ የሸሚዟን ጫፍ ገለጥ አድርጋ መርፌውን አስጠጋች። መለሰችው። እንደገና አስጠጋች። ዓይኗን ጨፍና «ጉንዳን ናት… ጉንዳን ናት…» አለች ለራሷ። ከዚያ ወጋች።

«እትዬ፣ አንቺም ትፈሪያለሽ እንዴ?»

ክው አለች። «ምነው አንተ! ልቤን ልታወልቀው ነው?» ሸሚዟን አስተካክላ ቁጭ አለች። «አዎ እፈራለሁ። በየቀኑ እፈራለሁ። እየፈራሁ እወጋለሁ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት?»

«ዝም ካልኩ ፍርሃቱ ይሰማኛላ።»

በያጁን አንጀቱን በላችው። ለራሱም አዘነ፣ ለአባቱም፣ ለልጁም። ቀበቶውን ዳሰሰና ያን ጥቁር እጁን ዘረጋላት። «በይ ውጊኝ።»

እንደ ሕፃን እጁን በሳሙና አጠበችለት። ወጋችው። ቁጥሩን አየች። ሽርጧን ፈታች፣ እንግዶቹን «ራሳችሁ አንሱ!» ብላ ባልተወለደ አንጀት ትታቸው፣ እጁን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው። ነርሷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ።

«ታማሚው ማናችሁ?»

«ሁለታችንም» አለች ሚኒስትሯ።

በዓመቱ ድግሱ የሁለት ሰው ሆነ። ቀበቶው ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመልሷል፤ በሁለት እግሩ፣ ራሱ በበየደው በር ላይ፣ መለኪያ ይዞ የቆመው በያጁ ነው። «ያልተወጋ አይገባም! ጉንዳን ናት፣ ጉንዳን!» ድምፁ መንገድ ማዶ ይሰማል። «ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ደፋር ነው!» ይላሉ እንግዶቹ።

ሚኒስትሯ ውስጥ ሆና ሰማችው። ዛሬስ ጩኸቱ በዛ። ሰሃኗን አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። ከሰልፉ ፊት ጣቷን ዘርግታ የቆመችው የገዛ ልጁ ናት። ሚኒስትሯ ትከሻው ሥር ተጠጋችና፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ አብራው ጮኸች።