በሬውን የበላው ባለ መድን

ክፉ ቀንን በስሙ መጥራት የማይወድ ሕዝብ ለክፉ ቀን እንዴት አድርጎ ውል ይፈርማል? ነገሩ ለመድን ሰዎች ቀላል ይመስላቸው ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን ቀላል አይደለም። በስማዳም ሆነ በጋይንት፣ በእስቴም ቢሆን፣ አንድ ሰው ገና ስላልመጣ መከራ ማውራት ሲጀምር የሚሰማው ሰው ፈጠን ብሎ «አያድርስ» ይለዋል። ይህ ምርቃት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወሬውን እዚያው አቁም ማለትም ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀጥል ሰው አስተዋይ አይባልም፣ ሟርተኛ ነው። ጎረቤታችሁን «ቤትህ ቢቃጠልስ?» ብላችሁ ጠይቃችሁት ቤቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢቃጠል መጀመሪያ የሚያስታውሰው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እኔም ከዚሁ ሕዝብ ነኝ። ወገዳ ውስጥ ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ገዛሁ። በገበያ ቀን ገብስና ባቄላ፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ የተገኘውን እጭናለሁ። ቆጣቢ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ለዚህ ጠባዬ ሌላ ቃል አላት።

መንግሥት እንደምታውቁት ማንም ባለ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ ጎማ እንዳያንቀሳቅስ በአዋጅ ደንግጓል። ስለዚህ ደብረ ታቦር ሄድኩና ከመድን ቤቱ መስኮት ፊት ቆምኩ። ሰብለ የምትባል ትሑት ልጅ ተቀበለችኝ። ልጅቱ ሥራዋን ትወዳለች፤ ያስፈረመችውን ነገር ሰው እንዲረዳላት ትፈልጋለች።

«መምህር፣ ይህ መድን ለእርስዎም ለመኪናዎም አይደለም፤ በእርስዎ መኪና ለሚጎዳ ሌላ ሰው ነው» ብላ ጀመረች። «እንግዲህ አንድ ሰው ቢገጩ...»

«አያድርስ» አልኩ።

«እሺ። የሰው ንብረት ቢያበላሹ ደግሞ...»

«አያድርስ፣ ልጄ።»

«አደጋው በደረሰ ጊዜ ማድረግ ያለብዎት...»

«ኧረ በእመቤታችን፣ ምን በደልኩሽ?»

ፈገግ አለችና ብዕሩን ሰጠችኝ። ሌላም ዓይነት አለ፣ የራስዎን መኪና ጭምር የሚሸፍን አለ፣ አለችኝ። ዋጋውን ጠየቅኋትና ስትነግረኝ እንደገና አያድርስ አልኩ። በውሉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። አርእስቱ «አደጋ ሲደርስ» ይላል። በጤናው እንዲህ ያለ ነገር ማን ያነባል? በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን ምልክት ግን በደስታ ተቀበልኩ። ክታብ ያሰረ ሰው ውስጡ ምን እንደተጻፈ አይጠይቅም፤ አንገቱ ላይ መኖሩ ይበቃዋል። እኔም መስታወቴ ላይ ለጥፌ በሰላም ወደ አገሬ ተመለስኩ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ያለውን ቁልቁለት ስወርድ ሁለት በሬዎች ከእርሻ ሲመለሱ አገኘሁ። አንደኛው፣ ግንባሩ ነጭ ስለሆነ ቦራ የሚሉት፣ ድንገት መንገዱን ልሻገር አለ። መሪውን ጠመዘዝኩ፣ ጥሩምባ ነፋሁ፣ ማርያምን ጠራሁ። ከፊት ለፊቱ አመለጥኩት፤ የኋላ እግሩን ግን አገኘሁት።

ባለቤቱ አያ አዳነ ናቸው። የማውቃቸው ሰው ናቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውን አስተምሬያለሁ። ጅራፋቸውን እንደያዙ ከእርሻቸው ወረዱ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በሬው አጠገብ ተንበረከኩና እግሩን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። የገብስ ማሳቸው እኩሌታው ታርሶ እኩሌታው እንደቆመ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ በሬ ጎድሎብኛል ቢሉት አይጠብቅም። በአንድ በሬ አይታረስም። በሬ ሳይተካ ሰኔ ቢገባ፣ የእኒያ ሰው ቤት የዓመት እህሉን ያጣል። ይህን እዚያ የቆምን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም።

«ቢላ አምጡ» አሉ፤ «ነፍሱ ሳትወጣ።»

እዚህ ላይ ለከተማ ሰዎች አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። እኛ ዘንድ የሰው በሬ ሲሰበር ይታረድና በመደብ በመደብ ተከፍሎ ለጎረቤት ይታደላል። መደቡን የወሰደ ሁሉ የድርሻውን ያመጣል፣ ባለ በሬውም ሌላ በሬ መግዣ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ሥጋ ያላማረውም ይወስዳል፤ ዓላማው ሰውየው አብሮ እንዳይወድቅ ነው። ቀኑ ረቡዕ ቢሆንም ደግነቱ በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም አላገኘንም። እኔም አንድ መደብ ወሰድኩ። አለመውሰድ ነውር ነው፣ ሰብሮ ሲያበቃ ተጸየፈ ያሰኛል። ጥሩ ሥጋ ነበር።

የትራፊክ ፖሊሱ በሞተር ሲደርስ ቆዳው ተዘርግቷል። የጎማውን ምልክት ለካ፣ እኔን ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ከዚያም ዙሪያውን ተመለከተና «የተገጨው በሬ የት ነው?» አለ።

«የትኛው መደብ?» አለው አንዱ።

ወዲያው ሽማግሌ ተቀመጠ። መሪው መሪጌታ ኅሩይ ነበሩ፤ ድጓውን ጋይንት ቤተ ልሔም ያስመሰከሩ፣ ነገር ሲያዩም እንደ ዜማ ምልክት አንድ በአንድ የሚያዩ አባት ናቸው። ተነሣሁና «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ጉባኤው ደስ አለው። እንደምታውቁት በአገራችን አንድ ሰው ጥፋቱ የእኔ ነው ሲል ጥፋቱን ማንም አይመዝንበትም፤ ጨዋ የጨዋ ልጅ ነው ተብሎ ይመሰገናል። ከሥጋው የተገኘው ላይ የጎደለውን ጨምሬ ለቅዳሜ ገበያ በሬ ልተካ ተስማማን፣ ተጻፈ፣ ፈረምኩ። የአያ አዳነን ጉልበት ስሜ ይቅርታ አገኘሁ።

«ከየት ታመጣዋለህ?» አሉኝ መሪጌታ፣ ጡረታዬን ስለሚያውቁ።

«መድን አለኝ፣ አባቴ። መንግሥት ያዘዘው ነው።»

«እንግዲያውስ የማይሞት ዋስ አለህ» አሉና ተነሡ።

በማግሥቱ ማለዳ ደብረ ታቦር፣ ሰብለ ፊት ተቀመጥኩ። ነገሩን ሁሉ በኩራት ተረኩላት። ያኮራኝ ፍጥነታችን ነበር፤ አደጋ ደርሶ፣ ታርቀን፣ ተፈራርመን፣ ገና አንድ ቀን አልሞላንም።

«ጥሩ ነው» አለች፤ «የተጎዳው ንብረት አሁን የት ነው? ባለሙያችን ሄዶ ማየት አለበት።»

«ተበላ።»

«ማን በላው?»

«የቀበሌው ሰው።» ለዘመናት መልስ ሳሟላ የኖርኩ ሰው ነኝና አላስቻለኝም። «እኔም አለሁበት» አልኩ።

ልጅቱ ራሷን አቀረቀረች። ስትስቅ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ከዚያ ውሌን አውጥታ ጀርባውን ገለበጠችና አነበበችልኝ። አደጋ ሲደርስ ከሁሉ በፊት ያሳውቁን ይላል። መድን ሰጪው ሳያውቅ ከተጎጂው ጋር አይዋዋሉ ይላል። ጥፋተኛ ነኝ ብለው አይመኑ ይላል። የተጎዳውን ንብረት ባለሙያ ሳያየው አያጥፉ ይላል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሳልጥሰው የተረፈ አንድ አልነበረም። አትብሉት የሚል ግን አልተጻፈም፤ ጸሐፊው እኛን አላወቀንም። በነገራችን ላይ ሰብለ ይህን ሁሉ ያን ለት ልትነግረኝ ነበር፤ አፏን ያስያዝኳት እኔው ነኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«አሁንስ ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ሽምግልናው ቀርቶ ነገሩ በደንቡ ይሂድ ካሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጣራል። እንስሳውን መንገድ ላይ የለቀቀውም ሊጠየቅ ይችላል። ጊዜ ግን ይወስዳል፣ መምህር። ከሰኔ በፊት አይጠብቁት።»

አመስግኛት ወጣሁ። እንግዲህ አልዋሻችሁም፤ መካነ ኢየሱስ እስክደርስ ድረስ የሽማግሌውን ውል በልቤ አፍርሼው ነበር። ያጣሩ፣ አልኩ። ምናልባትም ጥፋተኛው አያ አዳነ ይሆናሉ፣ አልኩ። ከኪሴም አንድ ሳንቲም አይወጣም፣ አልኩ። ከመካነ ኢየሱስ ወዲህ ያለውን መንገድ ደግሞ ይህን ለመሪጌታ በምን አፌ እንደምነግራቸው ሳሰላ ጨረስኩት። አልወጣልኝም። ብዙ ተማሪ ያሳለፍኩ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ያች ስሌት ግን አልወጣችልኝም።

ወገዳ ልገባ ስል ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ከመንገዱ በላይ አያ አዳነ ያርሳሉ። የተረፋቸውን በሬ ከአንድ ጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተውታል፤ መቀናጆ የሚባለው ነው፣ አንድ ቀን ለእኔ አንድ ቀን ለአንተ። ያን ለት ተራው የጎረቤቱ ነበር። የራሳቸው ማሳ እኩሌታው እንደተተወ እሳቸው የሰው ማሳ ያርሳሉ። ሲያዩኝ እርፉን ለቀው እጃቸውን አነሡ።

«መንግሥት ምን አለ?» ብለው ከላይ ጮሁልኝ።

«ቅዳሜ ገበያ እንገናኝ» አልኳቸው።

ባለቤቴ ያስቀመጥነውን አውጥታ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ገበያ ወርደን ከአያ አዳነ ጋር በሬ ተራ ገባን። እኔ አንድ ደንዳና ቀይ በሬ አሳየኋቸው፣ ለእርሻ የደረሰ፣ ዋጋውም እንደ ቁመናው ነው። አላዩትም። አልፈው ሄደው አንድ ቀጭን ወይፈን ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፣ ዋጋው ከቀዩ እጅግ ዝቅ ይላል።

«ያኛው አይሻልዎትም፣ አያ አዳነ?»

«ያኛው ዕድሜው ገፍቷል። ይሄ ገና ያድጋል፣ ከእኔ ጋር ይለምዳል።»

በሬ ባላውቅም ጥርስ መቁጠር አያቅተኝም። ቀዩ ዕድሜው አልገፋም ነበር። ምን እንዳደረጉልኝ ገባኝ፤ የወይፈኑን ዋጋ ከፈልኩ። ገብሳቸውን በሰኔ ዘሩ። ወይፈኑ መጀመሪያ ሰሞን መሐል ማሳ ላይ ተኝቶ አስቸግሯቸው ነበር አሉ።

ጥር ላይ መድኔን ላሳድስ ደብረ ታቦር ሄድኩ። ሰብለ ኮምፒውተሯን አየችና «ዓመቱን ሙሉ የካሳ ጥያቄ ስላላቀረቡ ቅናሽ አለዎት» አለችኝ። አየኋት። እሷም አየችኝ። «መዝገቡ ጠንቃቃ አሽከርካሪ ነዎት ነው የሚለው፣ መምህር» አለች፣ ከንፈሯን እንደምንም ይዛ። መዝገብ የሚያውቀው የጻፉበትን ነው፤ ምን ይደረግ። የቀረልኝን ብር ኪሴ ከተትኩ።

ብሩ ግን ኪሴን ከበደው። እያደር ሳስበው የእኔ አይደለም። ይህ ቅናሽ የተገኘው አያ አዳነ ክስና ማጣራት ሳይሉ ይቅር ስላሉኝ ነው። ይዤው ሄድኩ። አውድማቸው ላይ ገብስ ሲያበራዩ አገኘኋቸው፤ ወይፈኑ ከሚያበራዩት በሬዎች መካከል አለ፣ ደረቱ ሞልቷል። ነገሩን አስረድቼ ብሩን ዘረጋሁላቸው። መንሻቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ ከዚያ እጄን ከነብሩ መልሰው ጨበጡልኝ።

«በሱ ፍሬኑን አሠራበት» አሉኝ። «ያን ለታ ከላይ ሁኘ አይቸህ ነበር። ሦስት ጊዜ ረገጥካት፤ ትከሻህ ይወርዳል፣ እሷ ግን አትሰማህም። እንቢ ባለ በሬ እንደሚያርስ ሰው ነበር የሆንክ። በሽማግሌ ፊት ባወራው መንጃህን ይወስዱብሃል፣ እህላችንን ማን ያወርድልናል ብየ ዝም አልኩ።»

ስለ ፍሬኑ ለእናንተም አልነገርኳችሁም። ለትራፊኩም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ለሰብለም አልነገርኩም። መካኒኩ የፍሬኑ ሸራ አልቋል ካለኝ ሁለት ወር አልፎ ነበር፤ እየቆጠብኩ ነበር። ከዚያ ወዲህም በማርሽ እየያዝኩ ነው የነዳሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው ያልኩት የጨዋ ልጅ ስለሆንኩ አልነበረም፤ አያ አዳነም ይህን እያወቁ ነው ወይፈኑን የመረጡት።

በማግሥቱ አሠራሁት።