ጋሼ ዝቅበል

መሪ ሳይጨብጥ የሚነዳ ሰው ያልገጠመው ሹፌር የለም። ኋላ ወንበር ላይ ተደላድሎ ይቀመጥና ፍሬን ያዝ፣ ማርሽ ቀይር፣ ጉድጓዱን እለፈው እያለ አገር ሰላም ብሎ የሚነዳውን ሰው ነፍሱን ያወጣዋል። የሻምበሉ ዕጣ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ የእሱ መካሪ የተሳፈሩት እሱ በሚያበረው ሄሊኮፕተር ላይ ነው።

ክቡርነታቸው በማዕረግ የበታቹ፣ በዕድሜ የአባቱ እኩያ የሆኑ የበረራ ቴክኒሻን ናቸው። ጋሼ ዝቅበል የሚል ስም ያወጣላቸው አፋቸው ነው። መሬት ላይ ሳሉ ለሻምበሉ ሰላምታ ሰጥተው «እርስዎ» ይሉታል። ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ አንቱታው እዚያው ይቀራል።

«ዝቅ በል እንጂ፣ አንተ ልጅ። ኩራትህን ቤትህ አስቀምጠው።»

ሻምበሉ ዝቅ ይላል። ዝቅ ብሎ የሚበር ለተኳሽ አይመችም ብለው አሁንም ዝቅ በል ይሉታል። አንድ ቀን ጎማው ላይ ቅርንጫፍ ተሰክቶ ተመለሱ። ሻምበሉ ምስጋና ሲጠብቅ ጋሼ ቅርንጫፉን አገላብጠው አዩና፣ ይሄ እኮ የዛፉ ጫፍ ነው፣ ገና ብዙ ይቀርሃል አሉት። ሌላ ቴክኒሻን እንዲመደብለት ሁለት ጊዜ አመልክቷል፤ ሰሚ አላገኘም።

አንድ ተራራ ላይ የተከበበው የወገን ጦር ውሃ ከጨረሰ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል። በጠራራ ፀሐይ ውሃና መድኃኒት ጭነው፣ የወንዙን ሸለቆ ተከትለው፣ ከግራ ከቀኝ እየተተኮሰባቸው ገቡ። ጋሼ መንገዱን ሙሉ ሲቆጡ ነበር፤ ተኳሾቹን ሳይሆን ሻምበሉን።

ጀሪካኑ ተራግፎ ቁስለኞች ተጫኑ። አንድ ሆዱን የተመታ ወታደር ቦታ አጣ፤ በዚያ ከፍታና ሙቀት አንድ ሰው ቢጨመር ሄሊኮፕተሩ አይነሳም። ጋሼ የጆሮ ማዳመጫቸውን አውልቀው ወረዱና ወታደሩን በቦታቸው አስተኙት። ሻምበሉ እንዲመለሱ ለመናቸው።

«ውሃውን የሚያከፋፍል ሰው ያስፈልጋል» አሉት። «ሂድ፣ ልጁ እየደማ ነው።»

ሻምበሉ ማንም ሳይቆጣው በረረ። ስንት ጊዜ የተመኘው ጸጥታ ነበር፤ ሲያገኘው ግን ራሱ ለራሱ ዝቅ በል አለ።

ጣቢያው ደርሶ ቁስለኞቹ ሲወርዱ ሞተሩን አላጠፋም። አዛዡ እየሮጠ መጥቶ፣ ጅራቱን ጥይት በስቶታል፣ የዛሬው ይበቃል፣ ውረድና እረፍ አለው።

«ውሃ ይጫንልኝ» አለ ሻምበሉ ከወንበሩ ሳይነሳ። «የሚቆጣኝ ሰው እዚያ ቀርቷል።»