ያጣጣልኩት ቤት

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ታናሽ እህታችሁ ባለ ቤት ሆና፣ እናንተ በእሷ ሰርቪስ ክፍል ስታድሩ አንጀታችሁ አያርም? አያርም የሚል ካለ ወይ እህት የለውም፣ ወይ ይዋሻል።

የእኔ አርሯል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አቴና የሰው ቤት ጠብቄ፣ የሰው አሮጊት አስታምሜ፣ በሰው መደርደሪያ ላይ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤ ጎንደር ስገባ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈችው እህቴ ብርቄ ግቢ አላት። በሯን የሚያንኳኳ ጎረቤት አላት። እኔ ሻንጣ አለኝ።

እግዜር ይስጠው፣ ገበያው ወደቀ። መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ፣ ቤት የሚሸጥ በዛ፣ የሚገዛ ጠፋ። በሰው ጭንቅ አትደሰቺ አትበሉኝ፤ ተደስቻለሁ። አዘዞ ላይ አንድ ቤት አየሁ። ሦስት ክፍል፣ ፀሐይ የጠገበ በረንዳ፣ ከጓሮው የኮክ ዛፍ። ባለቤቱ አያ ሞላ፣ ሳንጃ ከተማ ልጆቻቸው ዘንድ ለመግባት የቸኮሉ ሽማግሌ ናቸው። ገና ደጁን ስረግጥ ልቤ የእኔ ነው አለ። ሰባ ዓመት አልፎኝ የራሴ የምለው በር ኖሮኝ አያውቅም።

ታዲያ ቤት የሚገዛ ሰው ወደድኩ ይላል? እናቴ ገበያ ወስዳ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ነው፤ የወደድሽውን አጣጥይ። ግድግዳው ሰንጥቋል አልኩ። ጣራው ያፈሳል አልኩ። ሌላ ቀን ብርቄን ምስክር ይዤ ሄጄ፣ ይህማ የዶሮ ቆጥ ነው አልኩ።

«ምነው እመይቴ፣ ልጆቼን ያሳደግሁበትን» አሉ አያ ሞላ። ዋጋውን ግን ቀነሱ።

ደላላው፣ ከዚህ በታች አይወርድም፣ ይግዙ ቢለኝ የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል አልኩት።

«እርስዎ እንኳ ለመውለድ ትንሽ ዘግይተዋል» አለኝ። ባለጌ።

አምስተኛ ጊዜ ስሄድ አያ ሞላ ከደጅ መለሱኝ። ተሸጧል። ለማን? ለእህትዎ። በስንት ብላቸው፣ እኔ ካወረድኩትም በታች።

«ብቻዋን መጣች» አሉኝ። «ኮኩን ዳሰሰች። ሸጋ ቤት ነው አያ ሞላ፣ ሰው በደስታ የኖረበት ያስታውቃል አለችኝ። ለወደደው ሰው ይሁን ብዬ ቀነስኩላት።»

ያን ሁሉ መጽሐፍ ሳነብ ይህን የጻፈልኝ አንድም ሰው የለም።

ሦስት ሳምንት ብርቄን አላናገርኳትም። እንጀራዋን እየበላሁ፣ አላናገርኳትም። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከችብኝ። ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ ድረስ፣ የንስሐ አባቷን አስቀድማ። እሷም ከኋላቸው ቆማለች።

«እታለም» አለች፣ «አንቺ ስታጣጥዪው ሌላ ሰው እንዳይወስደው ፈርቼ ነው። ቤቱ ያንቺ ነው። በስምሽ ይዛወራል።» ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረችው።

ክፋቷን አያችሁ? ግቢ አላት፣ ጎረቤት አላት። ለእኔ «ክፉ ናት» እያልኩ የምጽናናበት ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሱንም ወሰደችው።

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው፣ «በይ ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» አሉኝ።

ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቤቱን እገባበታለሁ። ብርቄን ግን ይቅር አልልም። አያ ሞላንም፣ ደላላውንም፣ የወደድሽውን አጣጥይ ያለችኝን እናቴንም አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።