አርባ አምስት ሰከንድ በጀሪካኖች መሃል

በእኛ አገር ሁለት ዕቃ ተከታትሎ መሬት ላይ ከተቀመጠ ሰልፍ ነው። ዕቃው ድንጋይ ይሁን፣ ነጠላ ጫማ ይሁን፣ የተሰነጠቀ ባልዲ ይሁን ለውጥ የለውም። ሦስተኛው ከየት እንደሚመጣ አታውቁም፤ ግን ይመጣል። አራተኛውን የሚያስቀምጠው ሰው ምን እየታደለ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ወረፋ ይዛችሁ አታውቁም ማለት ነው። መጀመሪያ ተራ ይያዛል፤ ጥያቄው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ይህን እኔ፣ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው፣ ሳላስተውል ቀርቼ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

የምኖረው መንዝ ነው፤ ከቀየት ብዙም በማትርቅ አንዲት ከተማ። ስሟን አልጠራም፤ ነገም የምኖረው እዚያው ነውና። ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ፤ በዚህ የተነሳ ሕዝቡ «ዶክተር» ይለኛል፣ እኔም አላርመውም። አንዲት ነጭ ቪትዝም አለችኝ። አራት ሰው፣ አንድ ኩንታል ገብስና አንድ በግ የምትችል፣ ከዚያ በላይ ምንም ነገር ከራሷ የማትጠብቅ የቤት መኪና ናት።

ታዲያ አንድ እሁድ አዲስ አበባ ጋራዥ ያለውን አብሮ አደጌን ዳዊትን ልጠይቅ ብሄድ፣ ይዞኝ ወደ አንድ ሰፊ አስፋልት ሜዳ ወጣ። የመንገድ ሠራተኞች የሚደረድሯቸው ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ኮኖች በመስመር ተቀምጠዋል። ሰዎች ተራ በተራ የቤት መኪናቸውን እየነዱ በኮኖቹ መሃል እየተጥመለመሉ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ሰዓት ይያዝላቸዋል። አውቶክሮስ ይባላል አለኝ። የእሽቅድምድም መኪና አይጠይቅም፣ ሹፌርነትን ሙያው ያደረገ ሰውም አይጠይቅም። አንዷ ተወዳዳሪ የልጇን ወንበር እንኳን ከኋላ አላወረደችም። የኔዋን የመሰለች ቪትዝ ጎማዋን እያስጮኸች ስታልፍ ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ክኒን ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድም ቀን ፈጣን ነህ ተብዬ አላውቅም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መባል ፈለግሁ።

ዳዊት ግን ያውቀኛል። አሥር ኮን ደርሶ መልስ፣ አንዱንም ሳልነካ፣ ከአርባ አምስት ሰከንድ በታች ካልጨረስኩ እንዳልመጣ ነገረኝ። ምዝገባው ቅዳሜ ማታ ያበቃል፤ ሰዓቱን የያዘው ሰው ራሱ ይደውልልኝ፣ አንተን አላምንህም አለ። እንዲህ ነው ጓደኝነት!

ሰዓት ያዥ አላጣሁም። ጎረቤቴ መምህር ጌታነህ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ በትምህርት ቤት ሩጫ የገዛ ልጁን መስመር ረግጠሻል ብሎ ከውድድር ያስወጣ ሰው። ሜዳም አለ፤ ከገበያው በታች፣ በአንድ በኩል የገብስ ማሳ፣ በሌላው በኩል ሰው የሚያርፍበት ካብ። ችግሩ መልመዱ ላይ ነው። የሕዝብ መኪና በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚታይበት አገር ሞተር አስነስታችሁ የትም አለመሄድን እንዴት ታስረዳላችሁ? አንድ ሽማግሌ ወዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። የትም አልሄድም፣ እዚያ ደርሼ እመለሳለሁ አልኳቸው። ዝቅ ብለው በመስኮት አዩኝና፣ «አልጭንም ማለት ነውር አይደለም ልጄ፤ መዋሸቱ ነው ነውሩ» ብለውኝ ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስባል ከረምኩ፤ ምርጡ ሰዓቴ አርባ ዘጠኝ ሰከንድ ነበር፣ ያውም ሁለቱን ገጭቼ።

ምኑን ገጭተህ አትሉም? ኮን ከየት ይመጣል! ድንጋይ እንዳልደረድር የመኪናዬን ሆድ ይቀደዋል። ጀሪካን ነው ያሰብኩት። የከተማዋ የውሃ ሞተር ከተቃጠለ ሦስተኛ ሳምንቱ ስለነበር የጎረቤቱ ጀሪካን ሁሉ ባዶውን ተጋድሟል። አሥር ቢጫ ጀሪካን ብለምን አሥር አገኘሁ።

የመጨረሻው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጀሪካኖቼን በአሥራ አምስት እርምጃ በአሥራ አምስት እርምጃ ደርድሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጠባቂ ትቻቸው መምህርን ልጠራ ሄድኩ። መምህር ሻይ ሳይጠጣ ፊሽካ አይነፋም። ተመልሰን ስንመጣ ጀሪካኖቹ ስልሳ ሆነዋል፤ ባለቤቶቻቸው ካቡ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

መጀመሪያ የተነሱት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ጠላ ሻጭ፣ ድምፃቸው ገበያ የሚያስቆም። ቦቴው ስንት ሰዓት ይመጣል ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። የምን ቦቴ እትዬ፣ ይኼ የመኪና መለማመጃ ነው አልኳቸው። ሴቶቹ ተያዩ። «እሰይ ዶክተር! ውሃ መምጣቱን ተደብቆ ሰምቶ አሥር ጀሪካን ብቻውን ደረደረ፤ አሁን ደግሞ መኪና ልለማመድ ነው ይለናል!» አሉና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። ማልኩ። በማርያም ማልኩ። ውሃ የማይጠብቅ ሰው ጀሪካኑን ያነሣል እንጂ ይሟገታል እንዴ ተባልኩ። ላንሣ ስል ደግሞ ሌላ ጩኸት፦ የመጀመሪያው ከተነሳ የሁሉም ተራ ይበላሻል!

ምን ላድርግ? ምዝገባው ማታ ያበቃል። ለመንኩ። መምህር ጌታነህ አስታራቂ ሆኖ ገባና እንዲህ ተስማማን፦ በእያንዳንዱ ጀሪካኔ ዙሪያ አምስት አምስት የእነሱ ይሰበሰባል፣ የአሥራ አምስት እርምጃው ክፍተት ይጠበቃል፣ እኔም በመሃሉ እነዳለሁ፤ አንድ ጀሪካን ከነካሁ ግን የኔዎቹ ሁሉ ወደ ሰልፉ ጭራ ይሄዳሉ። አንድ ለአምስት መደራጀት እንዲህ በሩብ ሰዓት ሲያልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ቀበሌያችን ዓመት ሙሉ ስብሰባ ጠርቶ አልሆነለትም።

ፊሽካው ተነፋ። ነዳሁ። መሪውን ሳሾር ቤንዚኑን እረሳለሁ፣ ቤንዚኑን ስረግጥ ፍሬኑን እረሳለሁ፤ ግራና ቀኝ ሃምሳ ሴት «ጀሪካኔን! ጀሪካኔን!» ይላል። ግን አንዱንም አልነካሁም! እልልታው ቀለጠ። እንባዬ ሊመጣ ደርሶ ነበር። መምህር ሰዓቱን አየና አርባ ስምንት አለ። ሦስት ሰከንድ! ሰው ካስነጠሰው እኮ ሦስት ሰከንድ አለቀ። ከአርባ አምስት በታች በለው ብዬ ተማጸንኩት። ልጁን ያስወጣ ሰው መሆኑን አስታወሰኝ። እንግዲያው አንዴ ልድገም አልኩና መኪናዬን ላዞር ወደ ዳር ወጣሁ፤ እሱም ሰዓቱን ባዶ አድርጎ መነሻው መስመር ላይ ተዘጋጀ።

ለካ ገና ስንሟገት ሳለን የቀበሌው ሊቀመንበር በመንገዱ ሲያልፍ ሰልፉን አይቶታል። ከዞን የሚመጡ እንግዶች በዚያው መንገድ ሊያልፉ ሁለት ሰዓት ቀርቷቸዋል። ስልሳ ባዶ ጀሪካንና የተቆጣ ሴት መንገድ ዳር መታየቱ የመልካም አስተዳደር ችግር ነው። ስልኩን አንሥቶ ደወለ። ሦስት ሳምንት የጠፋው ውሃ በአንድ ሰዓት ተገኘ።

ቦቴው ውሃ ሞልቶ ሜዳው ላይ ብቅ አለ። ሹፌሩ ሽመልስ የሚባል ቀጭን ሰው ነው፤ አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ሌላው እጁ መፋቂያው ላይ። ሊቀመንበሩ ጎኑ ተቀምጦ ቶሎ በል ይለዋል። የሰልፉ ራስ ወዲያ ማዶ ነው ብለው የማዶዎቹ ጮኹ። በገብሱ አይሄድ ገብስ ነው፤ በካቡ በኩል አይሄድ ሰው ነው። መሬቱም ለስላሳ ነው። እሱም የመኪና ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ የኔን የጎማ ፈለግ ተከትሎ በጀሪካኖቹ መሃል ግራ ቀኝ እያለ ማዶ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ እትዬ አስካለ ከወዲህ በኩል ሆነው የሰልፉ ራስ ይኸው እዚህ ነው ብለው አገሩን አናወጡት። ሽመልስ ዞረና በዚያው ፈለግ ተመለሰ። ውሃው ከላይ ጠብ አላለም። አንድ ጀሪካን አልተነካም። መፋቂያውንም ከአፉ አላወጣም።

መምህር ጌታነህ መስመሩን ያለፈ ሁሉ ሰዓት ይያዝለታል ባይ ነው። ዘወር ብዬ ሳየው ሰዓቱን ይዞ ይመለከታል። «አርባ አራት» አለ።

ማታ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ለዳዊት ደወለ። እኔ በአርባ ስምንት መቅረቴን፣ አንድ የቦቴ ሹፌር ግን አንዱንም ሳይነካ በአርባ አራት መጨረሱን፣ ውሃውን ጭኖ እንደሆነም አልደበቀም። ዳዊት ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አስደገመው። ከዚያ የሰውየውን ስም ጠየቀና መዘገበው። ደግሞ ቦቴ ይዞ መምጣት አይችልም፤ የቤት መኪና ያስፈልገዋል አለ። ከተማዋ ውስጥ ያለችው የቤት መኪና አንዲት ናት። ስለዚህ መኪናዬ ለውድድሩ አልፋለች፤ እኔ ወድቄያለሁ።

የውድድሩ ዕለት ሽመልስ ጎሕ ሳይቀድ በሬን አንኳኳ። ጨዋ ሰው ነው። ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። መምህር ጌታነህ ሰዓቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጋቢና ገብቶ ተቀምጧል፤ እትዬ አስካለም ለልጃቸው የሚያደርሱት ገብስ ነበራቸውና ከኋላ ተመቻችተዋል። ሽመልስ ሞተሩን አስነሣና በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ዶክተር፣ እርስዎም ወደ አዲስ አበባ ከሆኑ ይግቡ፤ እንጠጋጋለን» አለኝ።