ጣና ዳር ፕላንክ የሠራሁ ዕለት

ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ሞቼ ነበር። እኔ እንኳ አልሞትሁም፤ እዚያ የነበረው ሰው ግን ወስኖ ጨርሶ ነበር።

ቁጭ በሉና ስሙኝ። ቆማችሁም ከሆነ ግድ የለም፣ ለደም ስኳር መቆም ጥሩ ነው።

እንደምታውቁት ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜ ልኬን ከስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጬ፣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር እስኪተኛ ድረስ ያጣፈጥሁትን ሻይ እየጠጣሁ ኖርሁ። ከሦስት ወር በፊት ሐኪም ቤት ስሄድ ዶክተሯ ስኳርዎ ከፍ ብሏል አለችኝ። ገና ብዙ ስላልራቀ መጀመሪያ በምግብና በእንቅስቃሴ እንሞክረው፣ በሦስት ወሩ ካልወረደ ግን መድኃኒት እንጀምራለን ብላ ቀጠረችኝ።

ቀጠሮው ዛሬ ነበር።

ይህን በሽታ በወሬ አይደለም የማውቀው። አባቴ በዚሁ በሽታ እግሩን ተቆርጧል። ስለዚህ እሷ መድኃኒት ስትል ለእኔ የተሰማኝ መጋዝ ነው። መድኃኒቱ እግር የሚያድን እንጂ የሚያስቆርጥ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እያወቅሁም ፈራሁ።

በእነዚህ ወራት ያላደረግሁት የለም። ሻይ ያለ ስኳር! እንጀራውን አሳንሼ ጎመኑን አበዛሁ። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሙዝና ማር ይዞ መጣ (ስኳር ያመመውን ሰው በማር!)፣ እኔም አመስግኜ ለባለቤቴ አስረከብሁ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁን ዳር ዳሩን በእግሬ ሄድሁ። ሱሪዎቼ ሁሉ ሰፉኝ።

አላጠበብኋቸውም ግን። የሰው ሱሪ ሳጠብብና ሳሰፋ የምውል ሰውዬ፣ የራሴን በቀበቶ ጨምድጄ ነበር የምሄደው። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርሁም። ውጤቱን ሳላይ ካጠበብሁት፣ ስኳሩ ሰምቶ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር።

አትሳቁ። ገና ነው።

ዛሬ ባዶ ሆዴን ነበር መሄድ ያለብኝ። ላቦራቶሪው እስኪከፈት ጭንቀቴን ላበርድ ብዬ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ሰሞኑን ከቪዲዮ ላይ አዲስ ስፖርት ለምጃለሁ፣ ፕላንክ ይባላል። ፊትን ወደ መሬት አዙሮ፣ በክርንና በእግር ጣት ብቻ ሰውነትን እንደ ጣውላ ቀጥ አድርጎ ማቆየት ነው። ቀበቶው ሆዴን ሲወጋኝ ፈታሁት።

ይህችን ቀበቶ ያዙልኝ።

የዘጌ ጀልባዎች ከሚቆሙበት አጠገብ፣ ዋርካው ሥር ጀመርሁ። ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ወዲያው ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ፣ ስትንቀጠቀጡ ነው የሚሠራው ስለሚል ደስ አለኝ።

ጀልባ የሚጠብቁት ሰዎች ግን ቪዲዮውን አላዩትም!

አንድ ባለጀልባ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋልኝ። የሚጥል በሽታ መስሎት ነው። ጭሱ ሲገባ ሳልሁ። ትንፋሹ ተመለሰ ሲባል፣ ከዘጌ የመጡ አንድ መሪጌታ ደስ ብሏቸው የያዙትን ጸበል ጀርባዬ ላይ አፈሰሱት። በጠዋት፣ በዚያ የሐይቅ ነፋስ፣ ቀዝቃዛ ጸበል ፈሶባችሁ ያውቃል? መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

ከዚያ እትየ ውዴ ደረሱ።

እትየ ውዴ እዚያው ዋርካ ሥር ቆሎና ለስላሳ የሚሸጡ፣ ከእናቴ ጋር አብረው ያደጉ ሴት ናቸው። ስኳር ነው ያለበት፣ ዞር በሉ ብለው ራሴን በብብታቸው ቆለፉት። ደኅና ነኝ ልል አፌን ስከፍት የብርቱካን ለስላሳ ገባ። ምርመራ አለብኝ ልል ስከፍት ሌላ ገባ። ጢሜም፣ አንገቴም፣ ሸሚዜም ጣፈጠ።

ሦስት ወር የሸሸሁት ስኳር በጠርሙስ መጥቶ አገኘኝ!

በመጨረሻ ትንፋሽ ሳገኝ፣ "እትየ፣ ምነው እምቢ እያልሁዎ?" አልኋቸው።

"አንተው አይደለህ እንዴ እምቢ ቢልም ስጡት፣ ራሱን ስቶ ነው ብለህ የጻፍኸው? ልጄ አንብባልኛለች።"

ያለፈው ሳምንት ፖስቴ! ስኳር ያለበት ሰው ድንገት ቢወድቅ ምን እናድርግ ብዬ፣ ከዚህም ከዚያም ያነበብሁትን ለቃቅሜ የለጠፍሁት። በላይክ ያንበሸበሻችሁኝም እናንተ ናችሁ። እጃችሁ አለበት።

ባለጀልባው ባጃጅ አስቁሞ፣ በብብቴ ሥር ይዞ ብድግ አደረገኝ። እኔ ተነሣሁ። ሱሪዬ ባለበት ቀረ።

ቀበቶዋን ያዙልኝ ብዬ አልነበር?

"ይኸ ልብስ ሰፊው አይደል?" አለ አንዱ ከኋላ። መሪጌታው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩልኝ፤ ዕድሜ ይስጣቸው።

ሱሪዬን ታጥቄ በባጃጁ ሐኪም ቤት ደረስሁ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ዛሬ የበሉት ወይም የጠጡት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በፈቃዴ የጠጣሁት የለም አልኋት። ሸሚዜን አየች፣ ተከትለውኝ የገቡትን ዝንቦች አየች። ለባዶ ሆዱ ምርመራ ነገ ይመለሳሉ ብላ ለሌላው ምርመራ ደም ቀዳችልኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስቀመጥ ቀልዱ ሁሉ ጠፋኝ። በመጨረሻው ሰዓት ሁሉን ነገር አበላሸሁት ብዬ አመንሁ። አባቴ በክራንች ግቢያችንን ሲያቋርጥ የነበረው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እንባዬም መጣ።

ዶክተሯ ስታስገባኝ፣ ገና በሩ ላይ ሆኜ ለስላሳውንም ፖስቴንም ተናዘዝሁ። ሳቀች። ይህኛው ምርመራ ያለፉትን ወራት ነው የሚያሳየው፣ የዛሬ ጠዋት አንድ ጠርሙስ አይለውጠውም አለችኝ። ከዚያ ውጤቱን አየችና ቀና አለች።

"ወርዷል። መድኃኒት አንጀምርም፤ በያዙት ይቀጥሉ።"

ወርዷል! ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ደግሜ ልጻፈው። ወርዷል!

ድነዋል አላለችኝም። ከተውሁት ይመለሳል፣ ለዚህም ሌላ ቀጠሮ ሰጥታኛለች። ፖስቱንም ያርሙ ብላኛለች። ጣፋጭ የሚሰጠው ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው ነው። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ምንም አይጨመርም፣ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ነው። እንደ እኔ መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ደግሞ ስኳሩ ወርዶ የሚወድቀው ከስንት አንዴ ነው። ሼር አድርጉት፣ በተለይ ለባለጀልባዎች።

ስመለስ በእትየ ውዴ በኩል አለፍሁ። ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ዓይናቸው ቀልቶ ጠበቁኝ። መውረዱን ስነግራቸው ተመስገን ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"አባትህ እዚሁ መንገድ ላይ ሲወድቅ ከበን ቆመን አየነው እንጂ የሚደረገውን አናውቅም ነበር። ዛሬ አንተን መሬት ላይ ሳይህ ያ ቀን መጣብኝ" አሉኝ።

እጃቸውን ሳምሁ። አንድ ጭብጥ ቆሎ ሰጡኝ፣ አንድ አንድ ፍሬ እያልሁ በላሁ። ከዛሬ ወዲያ እኔ እዚህ ዳርቻ ላይ ብቻዬን ወድቄ እንደማልቀር ገባኝ፣ ደስም አለኝ።

አሁን ሱቄ ነኝ። የደንበኛን ልብስ ሁሉ ወደ ጎን ትቼ፣ ሱሪዬን አጠበብሁት። ስቆርጠውም፣ ስኳሩ ከፈለገ ይስማ አልሁ።

ከወገቡ ከተረፈው ጨርቅ ላይ ደግሞ በትልቁ "አልወደቅሁም፣ ስፖርት ነው" ብዬ ጠልፌ ከሸሚዜ ጀርባ ልሰፋው አሰብሁ። ክሩን መርፌ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

እትየ ውዴ ማንበብ አይችሉም። ምን ይሻለኛል?